እንድሪስ ያዳናት ኳስ

እንድሪስ ማረፉን የሰማሁት ገሳይ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ሕፃናት በምንከትብበት ቀን ነው። እናቶች በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር። ከደብረ ታቦር መድኃኒት ይዞ የመጣው ሾፌር ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ «ሲስተር፣ ያ በረኛችሁ አርፏል አሉ። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው የሚቀበረው» አለኝ።

«የትኛው በረኛ?» ብዬ ጠየቅኩት። ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ አልነበረም። መልሱን ትንሽ ላዘገየው ፈልጌ ነው።

የያዝኩትን ሕፃን ከትቤ ለእናቱ ሰጠኋት። ፊቴን አይታ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰው ሞቶብኝ ነው።»

«ዘመድ ነው?»

በሥጋ አንዛመድም። ጎረቤቴ ሆኖ አያውቅም፤ በሃይማኖትም አንገናኝም። አብረን የሠራነውም ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። «አዎ፣ ዘመድ ነው» አልኳት።

ያኔ ደብረ ታቦር ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እሠራ ነበር። የከተማው ክለብ በጨዋታ ቀን ሜዳ ዳር የሚቀመጥ ባለሙያ ስጡኝ ብሎ ክሊኒኩን ሲጠይቅ፣ ወንዶቹ የእሁድ እረፍታቸውን ስላልሰጡ ሥራው ለእኔ ደረሰ። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር አልነበረም። ፋሻዬንና በረዶዬን ይዤ የተጠባባቂዎቹ ወንበር ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ላይ ያፍሩኝ ነበር። ጭኑን የተመታው ሁሉ «ደህና ነኝ ሲስተር» እያለ እያነከሰ ያልፈኛል።

ያን እፍረት የሰበረው እንድሪስ ነው። የቡድኑ አምበልና በረኛ ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት መጥቶ የግራ እጁን ትንሽ ጣት ዘረጋልኝ። ጣቲቱ ከመሃሏ ወደ ውጭ ተጣማ ቀርታለች።

«ሲስተር፣ ይቺን ማቅናት ትችያለሽ?»

ነካካኋት። ድሮ ተሰብራ፣ እንደተጣመመች የገጠመች ናት። «አይ፣ ይቺስ ጊዜው አልፎባታል። አልችልም» አልኩት።

ወደ ልጆቹ ዞረና፣ «ሰማችሁ? የማትችለውን አልችልም ትላለች። ቁስላችሁን አሳዩዋት» አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የተደበቀኝ የለም።

ረጅም ነበር፤ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ሥራው ልብስ ስፌት ነው። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ካሉት ሱቆች በአንዱ እሱ ይሰፋል፤ ባለቤቱ ዘይነባ አጠገቡ ጨርቅ ትሸጣለች። የቡድኑን ማሊያ ቁጥር የሚሰፋውም፣ የተቀደደውን የሚጥፈውም እሱ ነበር። ሰው ችግሩን ይዞ ሲመጣ፣ የተቀደደ ሱሪም ይሁን የቤት ጣጣ፣ አፉ ላይ የሚመጣው አንድ ቃል ነው፦ «እንየው እስቲ።» ከዚያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ያዳምጣል። ሲናደድ ሌላው ሰው እንደሚጮኸው አይጮኽም። ድምፁ ይወርዳል። በጣም ሲናደድማ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር።

ጻድቅ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ እሁድ በሜዳችን ስንጫወት፣ ከእንግዳው ቡድን የተመታ ኳስ የግቡን መስመር አልፎ ሲገባ እኔ ከተቀመጥኩበት በዓይኔ አየሁ። እንድሪስ ጎትቶ አወጣው። ዳኛው አላየም። ተጋጣሚዎቹ ዳኛውን ከበው ሲለምኑ፣ እሱ ኳሷን ወደ መሃል ጠልዞ ቦታው ተመለሰ። አሸነፍን። ከጨዋታው በኋላ እጁን እያሸሁለት፣ «ገብታ ነበር እኮ» አልኩት።

«ገብታ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«የዳኛውን ሥራ እኔ አልሠራለትም። እሱም የእኔን አይሠራልኝም» አለኝ። መልሱ ደስ አላለኝም። እሱንም ደስ ያለው አልመሰለኝም፤ በሌላው ሳምንት ራሱ አንስቶ፣ «ያቺ ነገር አልተዋጠችልሽም አይደል?» ብሎኛል።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን በአንበሳሜ የሆነውን ነው።

የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታችን ከአንበሳሜ ቡድን ጋር፣ እዚያው አንበሳሜ ሜዳ ላይ ነበር። እኛ በደረጃው መሃል ነበርን። ብናሸንፍም ብንሸነፍም የሚለወጥ ነገር አልነበረንም። አንበሳሜ ግን ከሊጉ ላለመውረድ ቢያንስ አቻ መውጣት ነበረበት። እሱ ከተረፈ የሚወርደው ራቅ ካለ ከተማ ያለ ሌላ ክለብ ነው። የዚያን ክለብ ስም አልጠራም።

የአንበሳሜ አሰልጣኝ ዑመር ይባላል። የዘይነባ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ እሷን ያሳደጋትም የዳራትም እሱ ነው። እንድሪስ ሱቅ ሲከፍት የመጀመሪያውን የስፌት መኪና በአህያ ጭኖ ያመጣለት ዑመር እንደሆነ ዘይነባ ደጋግማ ነግራኛለች። በአንበሳሜ የገበያ ቀን ባልና ሚስቱ ጨርቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ምሳቸውን ዑመር ቤት ነው የሚበሉት።

ጨዋታው እሁድ ነው። ዓርብ ከልምምድ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የደሳለኝን ቁርጭምጭሚት እያሰርኩ ነበር። ደሳለኝ የመሃል ተከላካያችን ነው፤ እንደ ግድግዳ የጠነከረ፣ ልቡ ግን ቶሎ የሚሸበር ልጅ። አንድ ጠና ያለ ሰው ኮቱን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ለሁሉም እየዞረ እጅ ነሳ። የዚያ የሩቁ ክለብ የኮሚቴ አባል መሆኑን ራሱ ነገረን። አሰልጣኛችን በዚያ ሰዓት አልነበረም።

«ልጆቼ፣ ክፉ ነገር ይዤ አልመጣሁም» አለ ሰውዬው። «ተሸነፉ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አባርሩት፤ እሱ ወንጀል ነው። እኔ የምላችሁ አሸንፉ ነው። ማሸነፍ ሥራችሁ አይደለም? እሁድ አንበሳሜን ካሸነፋችሁ፣ ክለባችን ለያንዳንዳችሁ ማበረታቻ አዘጋጅቷል።»

የጠራው ገንዘብ ትልቅ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ደመወዝ ካገኙ ወራት አልፏቸዋል። ክለቡ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሳቸው ነበር። የደሳለኝ እግር በእጄ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

«እንየው እስቲ» አለ እንድሪስ ከጥግ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ብንሸነፍስ?»

«አይከፈላችሁማ። ቅያሜ ግን የለም።»

«የሚመጣው ዓመት ከእርስዎ ክለብ ጋር ስንጫወትስ?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ልጄ።»

«ሌላ አይደለም። ያን ቀን አንዲት ኳስ ብታመልጠኝ፣ ዓምና የበላው ገንዘብ ነው ያስለቀቀው ይሉኛል። ሰዎቹ ብቻ አይደሉም፤ እኔም ራሴን መጠርጠሬ አይቀርም።»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «ተመካከሩበት» ብሎ እንደገና ለሁሉም እጅ ነስቶ ወጣ።

እሱ እንደወጣ ደሳለኝ ተነሣ። ያልጨረስኩት ፋሻ ከእግሩ ላይ ተንጠልጥሏል። «እንድሪስ፣ አንተ ሱቅ አለህ። የእኔ ሚስት አራስ ናት። አከራዬ በየማለዳው በሬን ያንኳኳል። የሚጠይቀን እኮ እንድናሸንፍ ነው። ምኑ ላይ ነው ነውሩ? ነጋዴዎቻችን ሲሸልሙን ተቀብለህ የለም?»

«ተቀብያለሁ። እነሱ የኛን ማሸነፍ ፈልገው ነው የሸለሙን። ይሄ ሰው የኛ ማሸነፍ ምኑም አይደለም። አንበሳሜን ሊመታ ፈልጎ እግራችንን ሊከራይ ነው የመጣው።»

«ያን ቀን ኳስ ከመስመር ወዲያ ጎትተህ ያወጣህ ሰው ዛሬ ምን ነካህ?»

የእንድሪስ ድምፅ ወረደ። ሁሉም ጠጋ አሉ። «ያን ቀን አጥፍቻለሁ። ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልላከኝም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ለአማችህ ብለህ ነው እንጂ» አለ። ማን እንደሆነ አላየሁም። እንድሪስ ወደ ድምፁ አልዞረም። ጓንቱን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«እኔ አልቀበልም» አለ። «እናንተን ግን አልከለክልም፤ ቤታችሁን የምሞላላችሁ እኔ አይደለሁም። ለአሰልጣኙም ለማንም አልናገርም። እሁድ እንደ ሁልጊዜዬ እጫወታለሁ።»

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ዘይነባ አልነበረችም። እንድሪስ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እግሩ ግን አይንቀሳቀስም።

«ዑመር ትናንት ማታ መጥቶ ነበር» አለኝ። «እራት በላ። ልጆቹን አጫወተ። ስለ ጨዋታው አንድም ነገር አላነሳም። ሲሄድ በር ላይ እጄን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ። ምነው አፉን አውጥቶ በለመነኝ። እምቢ እለው ነበር።»

አዘንኩለት። «ወገቡን አሞታል ብዬ ለአሰልጣኙ ልንገረውና ሁለተኛው በረኛ ይግባ» አልኩት። ይህን ሳስብበት ነበር ያደርኩት።

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ። «ያኔ ጣቴን ባሳየሁሽ ጊዜ አልችልም ስላልሽ ነው ልጆቹ ያመኑሽ። አሁን ያልታመመውን ታሟል ትያለሽ?» አለኝና መስፋቱን ቀጠለ።

አንበሳሜ ስንደርስ ሜዳው ዙሪያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ገበሬው ከየቀበሌው መጥቷል፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቷል። ልጆቻችን የተጫወቱት ዓመቱን ሙሉ ባላየሁት ኃይል ነው። ገንዘቡ በእግራቸው ውስጥ ይሮጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከእረፍት በፊት ደሳለኝ በተሻገረ ኳስ ላይ ተነሥቶ በግንባሩ አገባ። ከእረፍት በኋላ አንበሳሜዎች መጡብን። እንድሪስ ሁለት ሦስት ጊዜ አዳነ። ባዳነ ቁጥር ዑመር ከወንበሩ ተነሥቶ ይቀመጣል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደሳለኝ ራሱ የአንበሳሜን አጥቂ ሳጥን ውስጥ ጠለፈ። ሪጎሬ ተሰጠ። ብትገባ አቻ ነው፤ አቻ ደግሞ አንበሳሜን ያተርፋል። ኳሷን ያስቀመጠው ሀብታሙ የሚባል የከተማው ልጅ ነበር። ሜዳ ዳር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

ሀብታሙ መታ። ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ግራ ጥግ ሄደች። እንድሪስ ወደቀባት። ሲነሳ ኳሷ ደረቱ ላይ ነበረች።

ልጆቻችን እየጮኹ ሄደው ተጠመጠሙበት። እሱ እጃቸውን ከአንገቱ ላይ አንድ በአንድ አነሣ። ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቱን አውልቆ በቀጥታ ወደ ዑመር ሄደ፤ እጁንም ዘረጋ። ዑመር የተዘረጋውን እጅ አየ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ መሬት ላይ ተኝተው ወደሚያለቅሱት ልጆቹ ሄደ።

ገንዘቡ መጣ፤ ልጆቹ ተካፈሉ። እንድሪስ ድርሻውን አልነካም።

የአንበሳሜ ቡድን ከወረደ በኋላ ረዳት አጥቶ ፈረሰ። ዑመር ሥራውን አጣ። ተጫዋቾቹም ገሚሱ ወደ ባሕር ዳር የቀን ሥራ ሄደ፤ ገሚሱ ባጃጅ ይዞ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ወጣ። የዚያ የሩቁ ክለብ ሰዎች መጠጥ ቤት ተቀምጠው ለደብረ ታቦሮች ከፍለን አተረፉን እያሉ ሲኩራሩ የሰማ ሰው አወራው። ሪጎሬዋን ያዳነ ማን ነው? እንድሪስ። እንግዲያው ብዙውን የበላ እሱ ነው ተባለ። አማቹን ሸጠ ተባለ።

በገበያ ቀን አንበሳሜ ሲሄዱ ጨርቃቸውን የሚነካ ሰው ጠፋ። ሴቶቹ ከዘይነባ ጋር ይሳሳሙና ሌላ ሱቅ ሄደው ይገዛሉ። በመጨረሻ መሄዱን ተዉት። እኔ አላስችል ብሎኝ፣ «ለምን አልበላሁም አትልም?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔ አልበላሁም ካልኩ የበሉት እነማን ናቸው ይባላል። ሊጉ ቢሰማ ደሳለኝ ሁለተኛ ኳስ አይነካም። ልጁ ገና ዳዴ እያለ ነው።»

«የአንተስ ስም?»

«የእኔን ስም አላህ ያውቀዋል» አለ። ከዚያ፣ «ዘይነባ ብታውቀው ግን ደስ ይለኝ ነበር» ሲል ጨመረበት።

«አልነገርካትም?»

«አልጠየቀችኝም።»

በሚቀጥለው ዓመት የዘይነባ እናት አንበሳሜ ሞቱ። እንድሪስ ቀብራቸው ላይ ተገኘ። ሰዎቹ አላባረሩትም፤ የአገሩ ሰው እንዲህ አያደርግም። ግን እሱ በተቀመጠበት በኩል የነበረው ሰው አንድ በአንድ ተነሥቶ ወዲያ ማዶ ተቀመጠ። ዱዓው እስኪያልቅ ብቻውን ተቀመጠ። ይህን የነገረችኝ ዘይነባ ናት። ከለቅሶው እንደተመለሰች ክሊኒክ ድረስ መጥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ሲስተር፣ አንቺ እዚያው ነበርሽ። በአላህ ብዬሻለሁ፣ በልቷል?» አለችኝ።

የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች። «እኔ እኮ መጠየቅ ፈርቼ ነው» አለች። «አዎ ቢለኝ ምን እሆናለሁ ብዬ። እሱ ደግሞ አለመጠየቄን እንደ ማመን ቆጥሮት ይሆናል እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንበሳሜ ሄጄ ዑመርን ፈለግኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ በቆሎ ሲፈለፍል አገኘሁት። ወንበር ሰጠኝ። የማንንም ስም ሳልጠራ፣ እንድሪስ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ነገርኩት፤ አንድ ሳንቲም እንዳልነካ፣ አሞታል ልበል ስለው እምቢ እንዳለኝ ጭምር።

ዑመር መፈልፈሉን አላቆመም። ስጨርስ ቀና ብሎ፣ «ይሄን ያውቃል? እንድትነግሪኝ ልኮሽ ነው?» አለ።

«አያውቅም። እኔ ነኝ የመጣሁት።»

«እንግዲያው ባትነግሪኝ ይሻል ነበር፣ ልጄ» አለኝ። «ገንዘብ አሳስቶት ነው ብዬ ልቤን እያለዘብኩ ነበር። ችግር ያሸንፋል፤ አንድ ቀን ይቅር እለው ነበር። አሁን አንቺ በነፃ ነው ያወረደህ እያልሽኝ ነው።»

«ሥራውን ነው የሠራው፣ ጋሽ ዑመር።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ኳስ ያስጀመርኩት። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ከማዳን አልመለስም። ግን የእነዚያን ልጆች እናቶች በየቀኑ የማያቸው እኔ ነኝ። አሁን ማንን ልጥላ?»

ልሄድ ተነሣሁ። ሸኝቶኝ እስከ መንገድ መጣ፤ መኪና እስካገኝም አጠገቤ ቆመ።

እንድሪስን ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያጫወትኩት ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። እናቴን እግሯን አሟት ይዣት ሄጄ ነበር። እንድሪስ ጋቢ ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኳሱን ካቆመ ቆይቷል። ዘይነባ ውሃ ልታመጣለት ሄዳለች። ፊቱ ገርጥቶ፣ እግሩ አብጦ ነበር። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

«ይሄ የፍል ውሃ በሽታ አይደለም። ኩላሊትህን ባሕር ዳር ሄደህ ታየው» አልኩት።

«እንየው እስቲ» አለና ሳቀ። ከዚያ፣ «አንበሳሜ ሄደሽ ነበር አሉ» አለኝ። የተቆጣ አይመስልም። «ምን አለሽ?»

ልዋሸው አሰብኩ፤ ግን እሱን መዋሸት አልቻልኩበትም። ዑመር ያለውን እንዳለ ነገርኩት። ከምንጩ የሚወጣውን እንፋሎት እያየ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «ለእሱ ይሄኛው ይብሳል።»

«ትጸጸታለህ?»

«በማዳኔ አልጸጸትም። ግን ሲስተር፣ ያቺ ኳስ በህልሜ ትመጣለች። በህልሜ ትገባለች። ሜዳው ሁሉ ይስቃል፤ ዑመር ይስቃል፤ ዘይነባም ከሰው መሃል ሆና ትስቃለች። ስነቃ ደስ ብሎኝ ነው የምነቃው። ከዚያ እንዳዳንኳት ትዝ ይለኛል።»

ዘይነባ ስትመጣ ንግግሩን አቆመ።

ባሕር ዳር ሄዶ ነበር፤ ዘግይቶ ሄደ እንጂ። ኩላሊቱ ደክሟል ተባለ። በየሳምንቱ እዚያ መመላለስ ነበረበት፤ መንገዱ ደግሞ አንዳንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል። መንገዱ ተዘግቶ በሰነበተበት ሰሞን አረፈ።

ከገሳይ ተነሥቼ ደብረ ታቦር ስደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ዘይነባን አቅፌያት ተቀመጥኩ። ዑመር አልመጣም። መንገድ ተዘግቶበት ነው አሉ አንዳንዶቹ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ልብሱ አቧራ ለብሷል። አብሮት አንድ ጎልማሳ ነበር። ሀብታሙ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። የድሮ ተጫዋቾቻችን ድንኳኑ ውስጥ ባንድ በኩል ተቀምጠው ነበር፤ እኔም እንደ ቡድኑ ሰው ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ዑመር ሲገባ ደሳለኝ ተነሥቶ ቆመ። አሁን ጠጉሩ ሸሽቷል። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም።

«ጋሽ ዑመር፣ ሰው ሁሉ ባለበት ልናገር» አለ። «ያን ቀን ገንዘብ በልተናል። እኔ በልቻለሁ። እንድሪስ አልበላም። እኛ እንዳንነካ ብሎ ነው ሲሰደብ የኖረው።»

ዑመር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አውቃለሁ» አለ። «ሲስተር ነግራኛለች። ካወቅኩ ቆይቻለሁ።»

ይህን ብሎ አንገቱን ደፋ። ሀብታሙ ግን እንደቆመ ቀረ። አንዴ ደሳለኝን፣ አንዴ ዑመርን ያያል። እሱ አያውቅም ነበር።

«አልበላም?» አለ ሀብታሙ።

«አልበላም» አልኩት እኔ።

ከፊቴ ቁጢጥ አለ። «ሲስተር፣ ያን ቀን ኳሷን እንደያዘ ሲነሳ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጥሩ መትተሃል አለኝ። ጥሩ መትተሃል፣ አይዞህ። እኔ የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ተፋሁበት፤ በኋላ ተከፍሎታል ሲባልማ እርግጠኛ ሆንኩ። ከዚያ ወዲያ ኳስ ነክቼ አላውቅም። አሁን እንዲህ ከሆነ…» ብሎ አቆመ። «የእውነቱን ነበር ማለት ነው?»

«የእውነቱን ነው» አልኩት። «እንድሪስ ያልተሰማውን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።»

ሀብታሙ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ። ከዚያ ተነሣና፣ «መቃብሩ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዑመርን ነበር የጠየቀው፤ ዑመርም ግን አያውቅም። ደሳለኝ ጫማውን አጠለቀና፣ «ኑ፣ እኔ አሳያችኋለሁ» አላቸው። ሦስቱም ወጡ።

ወደ ዘይነባ ገባሁ። በመስኮቱ ሲያልፉ አይታቸዋለች።

«ወንድሜ ወዴት ሄደ?» አለችኝ።

«እሱ ጋ ነው የሄዱት። ሦስቱም።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«አሁን?» አለች።